ሶልዳዶ ሲካርዮን በለጠ? ኧረ በስመአብ!

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ "የሲካርዮ ክፍል ሁለት ክፍል አንዱን ያስከነዳል፣ ሰው ፊልም የሚያውቅ ለመምሰል ነው የመጀመሪያውን የሚያወድሰው" የሚል ነው። እኔ ከነዛ "ለመምሰል" ከሚያወድሱት አንዱ ነኝ መሰለኝ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉ በሆዴ ስከራከር ነበር፣ ስለዚ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ለማያውቅ ሰው፦ ሲካርዮ (በስፓኒሽ ቅጥር ገዳይ ማለት ነው) አሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር ላይ ስላሉ የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድኖች፣ ካርቴል ስለሚባሉት፣ የሚያወራ ፊልም ነው፣ የመጀመሪያው በ2015 ነው የወጣው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)፣ ዳይሬክተሩ ካናዳዊው ዴኒ ቪልነቭ ነው። ሁለተኛው ሶልዳዶ የሚባለው በ2018 ወጣ፣ እሱን የሠራው ጣልያናዊው ስቴፋኖ ሶሊማ። ስክሪፕቱን ሁለቱንም የጻፈው ቴይለር ሸሪዳን ነው፣ ጆሽ ብሮሊንና ቤኒሲዮ ዴል ቶሮም ሁለቱም ላይ አሉ። የሌለችው ኬትን ሆና የተጫወተችው ኤሚሊ ብላንት ናት። ጸሐፊው ወንድማችን ደግሞ "መቅረቷ ነው ፊልሙን ያዳነው" ይላል። ከዛ አክሽኑ በዝቷል፣ ፖለቲካው ሰፍቷል፣ ዴል ቶሮ የሚጫወተው አሌሃንድሮ የሚባለው ገዳይ "ሰው ሆኗል"፣ ዳይሬክተርና ካሜራማን ቢቀየርም ልዩነቱ አይታይም፣ መጨረሻው የተሻለ ነው፣ ብሩም ይመሰክራል እያለ ይቀጥላል። ፊልሞቹን ያላየ ካለ እዚህ ጋ ያቁም፣ ምንም የምደብቀው ነገር የለም።

ከኬት ልጀምር፣ ትልቁ ነገር እሱ ስለሆነ።

ጽሑፉ "ኬት ዋና ገጸ ባሕርይ ተብላ ፊልሙን ሙሉ ምንም አትሠራም፣ እነሱን ተከትላ ትዞራለች፣ ትጠይቃለች፣ መልስ አታገኝም፣ ትናደዳለች፣ በቃ" ይላል። ልክ ነው! አንድም ቃል አልቀይርም። ግን ወንድሜ ይሄን እንደ ጥፋት ነው የቆጠርከው እንጂ ታሪኩ እኮ እሱ ነው። ኬት የኤፍቢአይ ሰው ናት፣ ፊልሙ ሲጀምር አሪዞና ውስጥ ቻንድለር የምትባል ከተማ አንድ ቤት ሰብረው ይገባሉ፣ የታገተ ሰው ፍለጋ ነው። አንዱ ይተኩስባትና ይስታታል፣ ጥይቱ ግድግዳውን ይበሳዋል፣ በቀዳዳው ስታይ ግድግዳው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ሬሳ ቆሟል፣ ሌላውን ግድግዳ ሲቀዱት ሌላ ሬሳ፣ ቤቱ በሙሉ እንደዛ ነው፣ ፖሊሶቹ ውጪ ወጥተው ያስመልሳቸዋል። ከዛ የሲአይኤው ማት ግሬቨር (ብሮሊን) ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ሱፍ ለብሶ በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ እሱ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የተቀመጠው፣ ይመርጣታል። ለምን እንደመረጣት አይነግራትም። አሜሪካ ድንበር ላይ ያለችው ኤልፓሶ ነው የምንሄደው ብሏት ሜክሲኮ ውስጥ ሁዋሬዝ ትገባለች።

ለምን እንደፈለጓት የምናውቀው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሊባል ትንሽ ሲቀረው ነው፦ ሲአይኤ አሜሪካ ውስጥ ብቻውን መሥራት አይችልም፣ አብሮት የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት ሰው መኖር አለበት። በቃ። የፈለጉት ጉብዝናዋን አይደለም፣ እዛ መገኘቷን ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይቺን ነገር ያውቃታል፣ ኮሚቴ ነህ ይሉሃል፣ ምን እንደተወሰነ ሳታውቅ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ አልቆ ይመጣልሃል፣ "ሁሉም ፈርሟል አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው" ይሉሃል። ኬት ማለት ያቺ ፊርማ ናት። መጨረሻ ላይ አሌሃንድሮ ቤቷ ድረስ መጥቶ የተሠራው ሁሉ በሕጉ መሠረት ነው የሚል ወረቀት ያስቀምጥላታል፣ አልፈርምም ስትል ሽጉጡን አገጯ ስር ይደግናል፣ እያለቀሰች ትፈርማለች። እሱ ሲወጣ ሽጉጧን ገጣጥማ ከበረንዳ ላይ ታነጣጥርበታለች፣ ዞሮ ያያታል፣ ቆሞ ይጠብቃታል። አትተኩስም። "ምንም አትሠራም" ያልከው ይሄን ነው?

የሚገርመው ገና ስክሪፕቱ ሲዞር ብር የሚያወጡት ሰዎች ገጸ ባሕርይዋን ወንድ አድርጋት ብለውት ነበር ሸሪዳንን። እምቢ ማለቱ ጥሩ ሆነ። ወንድ ብትሆን ኖሮ ለመጨረሻው ሲን "መተኮስ አለበት" ይሉት ነበር፣ ተኩሶም ፊልሙ አበቃለት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው ያስተዋልኩት። ክፍል አንድ ላይ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከኬት ጋር ነው፣ የማታውቀውን እኛም አናውቅም። ድንበሩ ስር ለማሻገሪያ የተቆፈረው ዋሻ ጋ ሲደርሱ አሌሃንድሮ አንዱን የሜክሲኮ ፖሊስ ሲያግት ታየዋለች፣ ልትይዘው ስትሞክር ጥይት የማይበሳው ሰደርያዋ ላይ ይተኩስባትና ይጥላታል። ከዛ ፊልሙ እሷን ትቶ ከሱ ጋር ይሄዳል፣ ብቻውን፣ እስከ ካርቴሉ አለቃ የእራት ጠረጴዛ ድረስ። እዛ የሚያደርገውን የሚያየው ሰው የለም፣ "ይሄ ልክ ነው?" ብሎ የሚጠይቅም የለም፣ ከኛ በስተቀር። ቀዝቃዛ ነው፣ የሚያስጠላ ነው፣ የሚያስጠላውም አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ከሷ ጋር ስለቆየን ነው። ሶልዳዶ ማለት እነዛ የመጨረሻ ደቂቃዎች ተለጥጠው ሁለት ሰዓት ሲሆኑ ነው። የሚደነግጥ ሰው ስለሌለ ሬሳው ሬሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ገድለው ወደ መኪናቸው ይገባሉ፣ ሥራ ነው።

አክሽን እንግባ። "ክፍል አንድ ላይ ተኩስ ያለው ሦስት ቦታ ነው፣ ክፍል ሁለት ግን ፋታ አይሰጥም" ይላል። ቆጥሮ መሆን አለበት፣ አከብርለታለሁ። ግን እስቲ ያቺን የድንበር ሲን አብረን እንያት። ከሁዋሬዝ እስረኛ ይዘው እየተመለሱ ነው፣ ጥቁር ጥቁር መኪኖች ተደርድረው፣ ድልድዩ ላይ ትራፊክ ተዘጋ። ቆሙ። በቃ ቆሙ፣ ምንም የለም፣ በዙሪያቸው የቤተሰብ መኪና፣ የጭነት መኪና፣ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ከዛ በሬዲዮ እርጋታ ባለው ድምፅ አንዱ ሁለት መስመር በስተግራ ያለችውን ቀይ መኪና ይጠቁማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከኋላ አረንጓዴ። ውስጣቸው ንቅሳት ያለባቸው ልጆች፣ እጃቸው አይታይም። ኬት መሐል ተቀምጣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታያለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ገና አንድ ጥይት አልተተኮሰም! ደቂቃዎች ያልፋሉ። ወታደሮቹ ከመኪና ወርደው ቀስ ብለው ይቀርቧቸዋል፣ መሣሪያ ጣል እያሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ይተያያሉ፣ እኔ በዚህ ሰዓት ትራሱን ጨብጬ ነበር። ተኩሱ ራሱ ሲመጣ እፍ ሳትል አለቀ፣ ሰከንዶች። እና ዋናው ከሱ በኋላ ነው፣ ኬት በጎን መስታወቱ ከኋላ የሚመጣ ሰው ታያለች፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ፣ ሊተኩስባት ሲል ቀድማ ትገድለዋለች። ሰላማዊ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ ነው ይሄ የሆነው፣ ነገ የአሜሪካ ጋዜጣ ሁሉ ይጽፈዋል ስትል፣ እዚሁ ኤልፓሶ እንኳን አይጻፍም ይሏታል።

አሁን ከዚ ጋር የሶልዳዶን ተኩሶች አስቀምጣቸው። አሌሃንድሮ ሜክሲኮ ሲቲ መሐል በጠራራ ፀሐይ የካርቴል ጠበቃ የሚገድልበት ያምራል፣ አዎ፣ ፖስተር ያምራል በሚባለው አይነት። አንድ ቦታ ግን እጄን አነሳለሁ፣ የጠለፏትን የካርቴል አለቃ ልጅ ኢዛቤልን ይዘው ወደ ሜክሲኮ ሲመለሱ አቧራማው መንገድ ላይ አጃቢ ፖሊሶቹ ራሳቸው የሚዞሩባቸው ሲን። ሶሊማ አብዛኛውን ከመኪናው ውስጥ ነው የቀረፀው፣ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተኮማትራ፣ ውጪ ምን እየሆነ እንደሆነ በቁራጭ ነው የምናየው፣ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ምርጥ ነው። ለምን ምርጥ እንደሆነ ግን ልብ በል፦ ምንም የማታውቅ ሰው ዓይን ውስጥ ስላስቀመጠን ነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ኬትን መልሶ አገኛት ማለት ነው።

ፖለቲካው ሰፍቷል የሚለው ላይ በጣም ነው የተናደድኩት።

ሶልዳዶ ሲጀምር ከሜክሲኮ ድንበር የሚሻገሩ ስደተኞች መሐል አንድ ሰው ይጸልይና ራሱን ያፈነዳል፣ ቦታው ላይ መስገጃ ይገኛል። ከዛ ካንሳስ ሲቲ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሌሎች አጥፍቶ ጠፊዎች፣ እናት ልጇን አቅፋ እየለመነች። አስደንጋጭ ነው፣ አልዋሽም። ከዛ ግሬቨር ጅቡቲ ብቅ ይላል! እኛ ዕቃ የምናስመጣባት ጅቡቲ፣ እዛ ያለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ አንድ የሶማሌ የባሕር ወንበዴ ታስሮ፣ የወንድሙን ቤት በስክሪን ቀጥታ ያሳየዋል፣ አልናገርም ሲል ቤቱን ከአየር ያስመታዋል። እኔ ይሄን ሳይ የሚቀጥለው ነገር ስለዛ ቤት ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። ያ ቤት ተመልሶ አይነሳም፣ ውስጡ ማን ነበር አይባልም፣ ሶማሌው መረጃ አቀብሎ ከፊልሙ ይወጣል። ለኛ ጎረቤት የሆነው ሰው እዛ ፊልም ላይ በር መክፈቻ ቁልፍ ነው፣ ከፍተው ጣሉት። ከዚ የሚበልጠው ደግሞ መሐል ላይ አንድ ሰው ገባ ይልና አጥፍቶ ጠፊዎቹ ቢያንስ የተወሰኑት ከኒው ጀርሲ የመጡ አሜሪካውያን ናቸው ይላል። ማለት ካርቴሎች ናቸው ያሻገሯቸው ተብሎ የተጀመረው ያ ሁሉ ዘመቻ፣ ልጅ ጠለፋው፣ ሁለቱን ካርቴል ለማጣላት የተሸረበው ነገር በሙሉ መነሻው ስህተት ነበር። ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው! ፊልሙ እዚህ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ቢል ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል፣ ተመልካቹ የሚያስታውሰው መስገጃውን ነው። ፊልሙ የወጣው ደግሞ ሰኔ 2018 ማለቂያ ላይ፣ አሜሪካ ድንበሯ ላይ የስደተኞችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየለየች ዓለም በሚጮህበት ወር ነው። ያንን ሲቀርፁ አያውቁም ነበር፣ እሺ። ግን "ፖለቲካው ሰፍቷል" ለማለት ካርታው መስፋቱ አይበቃም።

ክፍል አንድም ንጹሕ አይደለም በነገራችን ላይ። የሁዋሬዝ ከንቲባ በጊዜው ነዋሪው ፊልሙን እንዳያይ ጥሪ አድርጎ ነበር፣ ከተማችን ተሻሽላ ሳለ የድሮ ስሟን ነው ያነሱባት ብሎ። ከድልድይ ላይ የተንጠለጠሉ ሬሳዎችን ሲያሳዩ ለከተማው ሰው ምን ስሜት እንደሚሰጥ ይገባኛል። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሳ ኖሮ መልስ ያሳጣኝ ነበር፣ አላነሳም።

ወደ አሌሃንድሮ። "ሁለተኛው ላይ ሰው ሆኗል፣ ልብ አለው።" አሌሃንድሮ በፊት ዓቃቤ ሕግ ነበር፣ ሚስቱንና ልጁን ካርቴል አሰቃይቶ ገደለበት፣ ከዛ በኋላ ነው እንደዚ የሆነው። ክፍል አንድ ላይ ይሄን የሚነግረን ራሱ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ነው የምንሰማው። ቪልነቭና ዴል ቶሮ ተስማምተው ከስክሪፕቱ ብዙውን የሱን ንግግር ቆርጠው ጥለዋል። የድሮ ቪዲዮ ቤት ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ በትርጉም የሚያሳየው ሰውዬ አክተሩ አንድ ቃል ሲናገር እሱ አንድ አንቀጽ ነበር የሚያወራው። ይሄን ፊልም ቢሰጡት ኖሮ ሥራ ይፈታ ነበር። አንድ ሲን ብቻ ልጥራ፦ ከሁዋሬዝ ያመጡት እስረኛ ክፍል ውስጥ ታስሯል፣ አሌሃንድሮ ያን ትልቁን የውሃ ማሽን ጀሪካን ተሸክሞ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርድና ወለሉ ላይ ያለችውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ያሳየናል። አለቀ። ምን እንዳደረገው አላየንም፣ እኔ ግን እስካሁን ያንን ጀሪካን ቢሮ ሳይ ደስ አይለኝም።

ያ ሰውዬ እራት ላይ የተቀመጡ ሁለት ወንድ ልጆችን ከነእናታቸው አባታቸው እያየ የገደለ ሰው ነው። ክፍል ሁለት ላይ የጠላቱን ሴት ልጅ ለማዳን ነፍሱን ይሰጣል። ሰው አይለወጥም አላልኩም። ግን መሐል ላይ ምን ሆነ? አንድ ሌሊት? አንድ የጸጸት ቃል? ክፍል ሁለት ያንን የእራት ጠረጴዛ እንዳልነበረ አድርጎ ነው የሚያልፈው። እንዲያውም ለዚህ ክርክር የተሻለውን ማስረጃ ጸሐፊው ረስቶታል፣ እኔ ላውስለት፦ በረሃው ላይ ከልጅቷ ጋር ሲንከራተት አንድ መስማት የተሳነው ገበሬ ያገኛሉ፣ አሌሃንድሮ በምልክት ቋንቋ ያናግረዋል። ከየት ተማርከው? የሞተችው ልጁ መስማት የተሳናት ነበረች። ዴል ቶሮ እዛ ላይ እጁን ሲያንቀሳቅስ እጁ ትንሽ የረሳ ይመስላል፣ ለብዙ ጊዜ ያልተናገረው ቋንቋ እንደሆነ ያሳብቃል። ፊልሙ እንደዚ ሁለት ሦስት ቦታ ቢኖረው ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። ግን ወዲያው ፊቱ ላይ በጥይት ተመትቶ፣ ጥይቱ በጉንጩ አልፎ፣ ነቅቶ፣ መኪና ነድቶ፣ ቦምብ ወርውሮ... ኧረ ተው! ሰው ሆነ ባልከው ፊልም ላይ ነው የማይሞተው።

ዳይሬክተርና ካሜራ "ልዩነቱ አይታይም" ለሚለው ብዙ አልቆይም። ሶሊማ ጎበዝ ነው፣ ጎሞራ የሚለውን የጣልያን ተከታታይ ድራማ ያየ ያውቀዋል። ካሜራማኑ ዳሪዩስ ቮልስኪም ተራ ሰው አይደለም። ግን የመጀመሪያውን የቀረፀው ሮጀር ዲኪንስ ነው፣ ወታደሮቹ ወደ ዋሻው ሲሄዱ ጀንበር ጠልቃ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ፣ ሰዎቹ ጥቁር ጥላ ሆነው አንድ በአንድ ወደ ታች ወደ ጨለማው የሚሰምጡበት ሲን አለ፣ ከዛ ስክሪኑ ይጨልማል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ስናየው "ቻርጅ አለቀ እንዴ?" ብሎ ገመዱን ሊሰካ ተነስቶ ነበር። ሙዚቃውስ? የዮሃን ዮሃንሰን ሙዚቃ ከመሬት ስር የሚመጣ ነው የሚመስለው፣ ጆሮህ ሳይሆን ደረትህ ነው የሚሰማው። ሰውየው የካቲት 2018 አረፈ፣ ሶልዳዶ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ፊልሙም ለሱ መታሰቢያ ተደርጓል። የክፍል ሁለቱን ሙዚቃ የሠራችው ሂልዱር ጉድናዶቲር ናት፣ ክፍል አንዱ ላይ ቼሎ የተጫወተችለት የሥራ ባልደረባው፣ በኋላ በጆከር ኦስካር የወሰደችው። እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ብሩን በተመለከተ፦ ሶልዳዶ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቱ እውነት ነው፣ ሲካርዮ በየሲኒማው በተከፈተበት ሳምንት ካገኘው 12 ሚሊዮን ይበልጣል። ያ ግን የመጀመሪያው ፊልም ስም ያመጣለት ሰው ነው። በዓለም ደረጃ ተጠቃሎ ሲታይ ክፍል አንድ ወደ 85 ሚሊዮን፣ ክፍል ሁለት ወደ 76 ሚሊዮን፣ ያውም የሁለተኛው ወጪ በልጦ። ቀጥል።

መጨረሻው። ሶልዳዶ ላይ ከዓመት በኋላ አሌሃንድሮ ያን በረሃው ላይ ፊቱን በጥይት የመታውን ልጅ ያገኘዋል፣ ሲካርዮ መሆን ትፈልጋለህ ብሎት በሩን ይዘጋል። ጸሐፊው "የሚቀጥለውን ለማየት ያጓጓል" ይላል። ያጓጓል፣ እሱ መጨረሻ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፣ ሦስተኛው ይሠራል ይሠራል ሲባል ደግሞ ዓመታት አለፉ። የክፍል አንድን መጨረሻ ግን "ተንጠልጥሎ የቀረ የልጆች ኳስ ጨዋታ" ብሎ ነው ያለፈው። ያ ኳስ የሚጫወተው ልጅ የማን ልጅ ነው? ፊልሙ መሐል መሐል ላይ አንድ የሜክሲኮ ፖሊስ ቤት ያስገባን ነበር፣ ልጁ ጠዋት ጠዋት ኳስ እንጫወት እያለ የሚቀሰቅሰው፣ ለምን እንደሚያሳዩን የማይገባን። አሌሃንድሮ ዋሻው ጋ ያገተው ያ ፖሊስ ነው፣ ተጠቅሞበት ገደለው። መጨረሻ ላይ ልጁ ሜዳ ላይ ነው፣ እናቱ ከዳር ቁማ ታያለች፣ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፣ ሁሉም ቆሞ ወደዛ ያያል፣ ከዛ ፊሽካው ይነፋና ጨዋታው ይቀጥላል። አባት ሜዳው ዳር የለም፣ ማንም ስለሱ አንድ ቃል አይናገርም።

ሶልዳዶንም ከዛው ታናሽ ወንድሜ ጋር ነው ያየሁት። ስለ ዳይሬክተር ምናምን ግድ የለውም እሱ፣ ተኩስ ካለ ይበቃዋል፣ በጸሐፊው አባባል ሶልዳዶ የተሠራው ለሱ ነው። አርባ ደቂቃ ገደማ እንዳየን ፖፕኮርኑን አስቀመጠና "ያቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትመጣው?" አለኝ።

"አትመጣም" አልኩት። ስልኩን አወጣ።